ሁለት ጭረት

ገብረየስ የቀበሌው ቃለ ጉባኤ ያዥ ሆኖ ሁለት ዓመት ሲሞላው አንድ ነገር አረጋገጠ፤ አዋሳ ውስጥ ሐሳብ ያለው ሰው ጠፍቶ አይደለም፤ ሐሳብ ያለው ሰው ስብሰባ ላይ አይናገርም።

የሚናገሩት ሌሎቹ ነበሩ። ረቡዕ ረቡዕ ከሰዓት በኋላ የሥራ አስፈጻሚው ሰባት አባላት በቀበሌው አዳራሽ ረጅሙን ጠረጴዛ ከበው ይቀመጣሉ። ሊቀ መንበሩ ጓድ ይልማ ይጀምራል፤ አንድ ሰዓት ይናገራል። ከዚያ የሴቶች ማኅበሯ ጓዲት ብርሃነሽ ትነሣና፣ «ጓድ ሊቀ መንበር ሁሉንም ስላሉት የምጨምረው የለኝም፤ ለማጠናከር ያህል ግን…» ትላለች። የምትጨምረው የሌላት ሴትዮ ሃያ ደቂቃ ትጨምራለች። የወጣቶች ማኅበሩ ደምሴ ደግሞ የብርሃነሽን ማጠናከሪያ ለማጠናከር ይነሣል። ሌሎቹ ሦስቱም እንደዚያው። የአዳራሹ በር ማጠፊያው ከተነቀለ ዓመት ሆኖታል፤ እሱን ያጠናከረ አልተገኘም።

ከሰባቱ የማያጠናክሩት አንድ ሰው ብቻ ነበሩ። ሐይቁ ዳር አሞራ ገደል ላይ ዓሣ የሚያወርዱት የአስጋሪዎቹ ተወካይ ጓድ ኩማ። አፋቸውን የፈቱት በሲዳምኛ ስለሆነ አማርኛን ይቆጥቡታል። ተራቸው ሲደርስ፣ «ሰምቻለሁ» ይላሉ፤ ይቀመጣሉ። ገብረየስ በሁለት ዓመት ውስጥ ከዚያ ጠረጴዛ የሰማው እውነተኛ ንግግር ይህ ብቻ ነበር።

በመጀመሪያው ወር ሁሉንም ቃል በቃል ጻፈ። ጣቱ አበጠ፤ በኮታ የመጣው ወረቀትም አለቀ። ገብረየስ ግን አንድ የእንግሊዝኛ መዝገበ ቃላት ነበረው፤ ስኳር ልትጠቀልልበት ከነበረች ባለሱቅ እጅ ያስጣለው። ሽፋኑ፣ ኤ፣ ቢና ሲ በስኳር አልቀው መጽሐፉ ከዲ ይጀምራል። ስለዚህ ገብረየስ እንግሊዝኛን የሚያውቀው ከዲ ወዲህ ነው። እዚያ መጀመሪያው ላይ ‹ዲቶ› የሚል ቃል አገኘ። ከላይ የተጻፈው ሲደገም ሁሉንም ከመጻፍ ከሥሩ ሁለት ትንንሽ ጭረት ማድረግ ይበቃል ይላል። ገብረየስ ይህን ሲያነብ ቃሉ ለእሱ ቀበሌ ተብሎ የተፈጠረ መሰለው። ከዚያ ወዲህ መዝገቡ አጠረ። ይልማ፣ ግማሽ ገጽ። ብርሃነሽ፣ ሁለት ጭረት። ደምሴ፣ ሁለት ጭረት። ኩማ፣ «ሰምተዋል።» ሊቀ መንበሩም ሳያነብ እየፈረመ ሁለት ዓመት አለፈ።

አንድ ሐሙስ ጠዋት መዝገቡ ከበላይ አካል በቀይ ቀለም ተጽፎበት ተመለሰ። «ይህ ጭረት ምንድን ነው? አባላቱ ድዳ ናቸው? ተጠያቂው ተለይቶ ከነመዝገቡ ይቅረብ።»

ገብረየስ ቀዩን ጽሑፍ ሁለቴ አነበበው። ባለፈው ዓመት የጎረቤት ቀበሌው ጸሐፊ ለማጣራት ተብሎ በላንድሮቨር ተወስዶ ነበር። እስካሁን እየተጣራ ነው።

አስቸኳይ ስብሰባ ተጠራ።

«ጓድ ገብረየስ፣» አለ ይልማ ቀዩን ጽሑፍ በጣቱ እየመታ፣ «ይህ የማን ቋንቋ ነው?»

«ዲቶ ይባላል፤ ቃሉ እንግሊዝኛ ነው።»

«ኢምፔሪያሊስት!» አለ ደምሴ።

«እንግሊዞቹም ከጣሊያን ነው የወሰዱት።»

«ፋሺስት!»

«ነጋዴዎች ናቸው። ከሦስት መቶ ዓመት በላይ ሆኖታል። የወሩን ስም ደጋግመው ከመጻፍ ‹በተባለው ወር› ይሉ ነበር። ዲቶ ማለት ‹የተባለው› ማለት ነው። እንግሊዞቹ ወሩን ተዉትና ለተደጋገመ ነገር ሁሉ አደረጉት።»

«በዝባዥ!» አለ ደምሴ። ያለው ቃል እዚህ ላይ አለቀ።

«ለምን ታዞረዋለህ?» አለች ብርሃነሽ ነጠላዋን እያጣፋች። «በግልጽ የገደል ማሚቶ ናችሁ አትለንም?»

ገብረየስን በሆዱ የገደል ማሚቶ መሰደቧ አሳዘነው። ማሚቶ እንኳ የመጨረሻዋን ቃል መልሳ ዝም ትላለች፤ ሃያ ደቂቃ አትጨምርም።

ይልማ ተነሣ። «ጻፍ! ጓድ ገብረየስ በአሻጥር የአባላትን ድምፅ ስላፈነ ለበላይ አካል ተላልፎ ይሰጥ። ከአሁን ጀምሮ ዲቶ ክልክል ነው። እያንዳንዱ አባል የሚለው በራሱ ቃል፣ በስሙ፣ ከነፊርማው ይጻፍ።»

ሌላ የሚጽፍ ስላልነበረ ገብረየስ የራሱን ክስ በራሱ እጅ ጻፈ። ከዚያ ብዕሩን ቀለም ነከረና፣ «ጓዲት ብርሃነሽ» አለ።

«እኔ ጓድ ሊቀ መንበር ባሉት ላይ የምጨምረው…»

«ይቅርታ ያድርጉልኝ፤ እሱ ዲቶ ነው። ተከልክሏል። በራስዎ ቃል ይንገሩኝ።»

«ያው… አፍነኸኛል።»

«ምን ሊሉ ሲሉ አፈንኩዎት? እሱ ይጻፍ።»

ብርሃነሽ አፏን ከፈተች። በሁለት ዓመት ውስጥ ያለችውን ስትፈልግ ዓይኗ ጣሪያውን ዞረ፤ ጣሪያው ላይም አልነበረም።

«እና ይቺ የምላት ነገር በእኔ ስም ብቻ ነው የምትሰፍረው?»

«በእርስዎ ስም ብቻ።»

«እንግዲያው ትንሽ ላስብበት።»

በዚያ ጠረጴዛ ላይ ማሰብ ለመጀመሪያ ጊዜ አጀንዳ ሆነ።

«ጓድ ደምሴ፣ ቅድም ኢምፔሪያሊስት ያልከውን ልጻፈው?»

«ኧረ ተው! እሱ እኮ እንዲሁ በአፍ ነው።»

ሌሎቹ ሦስቱ የተነቀለውን የበር ማጠፊያ ያን ቀን ያዩት ይመስል ዓይናቸውን ተከሉበት። ይልማ ፊቱ ጠቆረ። መዝገቡ ላይ ያለው የእሱ ቃል ብቻ መሆኑ ቀስ እያለ እየገባው ነበር።

ኩማ ተነሡ። «በራስ ቃል ነው ያልከው?»

«አዎ፣ ጓድ ኩማ።»

«ጻፍ። ይህ ሰው አላጠፋም። እነዚህ አንድ ነገር አሉ፤ እሱ አንድ ጻፈ። እኔ አንድ ዓሣ ይዤ ሰባት ነው ብዬ ብሸጥ ሌባ ትሉኛላችሁ። ጻፍክ?»

«ጽፌያለሁ።»

«የት ነው የምፈርመው?»

ፈረሙ። ገጹ ላይ ሁለት ቃል ተቀምጧል፤ አንዱ ይሰጥ ይላል፣ አንዱ አላጠፋም ይላል። የቀሩት አምስቱ በዕድሜያቸው አጋጥሟቸው የማያውቅ ነገር ገጠማቸው፤ ሊመርጡ ነው።

«የኔን ሰርዘው፤ ረቂቅ ነው» አለ ይልማ ድምፁን ዝቅ አድርጎ።

«ገጹ ቁጥር አለው፤ ማኅተምም ተመትቶበታል። አይሰረዝም።» ገብረየስ ወደ ኋላ ገጾቹን ገለጠ። «ደግሞ የበላይ አካል ሁለት ዓመት ሙሉ ማን አየው ብሎ ቢጠይቅ፣ በየገጹ ግርጌ ያለው የእርስዎ ፊርማ ነው። የምንቀርበው ሁለታችን ነን።»

ይልማ በመስኮቱ ወደ መንገዱ ተመለከተ። ላንድሮቨር አልነበረም። ቢሆንም ረጅም ጊዜ አየው። ከዚያ ጉሮሮውን ጠረገ።

«እኔም ጓድ ኩማ ባሉት ላይ የምጨምረው የለኝም፤ ለማጠናከር ያህል ግን፣ ምልክቱ የአባላቱን የአቋም አንድነት የሚያሳይ መሆኑ ተገልጾ መልስ ይጻፍ። ዲቶም ይቀጥል።»

የጠረጴዛው ትንፋሽ ባንዴ ወጣ። ብርሃነሽ አጠናከረች። ሦስቱም አጠናከሩ።

«ዲቶ!» አለ ደምሴ፣ ቅድም ፋሺስት ያደረገውን ቃል ሁለተኛ ሳያስብ።

ገብረየስ ከኩማ ቃል ሥር ስድስት ስም ጻፈ፤ በየስሙ ትይዩ ሁለት ሁለት ጭረት አደረገ። ድኗል።

ሰው ሲበተን ኩማ በሩ ላይ ጠበቁት። «ያ ቃል ምን ማለት ነው ያልከው?»

«‹የተባለው› ማለት ነው።»

«ማን ያለው?»

ገብረየስ መዝገቡን በብብቱ እንደያዘ ቀረ። እስከዚያች ደቂቃ ድረስ የፈራው ለራሱ ብቻ ነበር። አሁን ገጹ ታየው። ላንድሮቨሩ ቢመጣ ከጭረት ጋር አይነጋገርም። ሊቀ መንበሩም የፊተኛውን ሐሳቡን በጭረት ሽሮታል። ከሰባቱ ቃል ይዞ የቀረ አንድ ሰው ነው።

«እርስዎ፣» አለ ቀስ ብሎ። «ያሉት እርስዎ ብቻ ነዎት።»

«እኔማ ብያለሁ» አሉ ኩማ። «ከጠየቁህ በደንብ አንብብላቸው። ልሂድ፤ ዓሣዬ ፀሐይ ላይ ነው።»

ወደ ሐይቁ ወረዱ። ገብረየስ ተመልሶ ባዶው ጠረጴዛ ላይ መዝገቡን ከፈተ። ከስድስቱ ስም ሥር ሰባተኛ አድርጎ፣ በስብሰባው ድምፅ የሌለውን የጸሐፊውን፣ የራሱን ስም ጻፈ። ብዕሩ በልማዱ ሁለት ጭረት ሊያደርግ ሄደ። አቆመው። ቀለም ነከረና ከመጀመሪያው ፊደል ጀምሮ «ይህ ሰው አላጠፋም የሚለው ቃል የጓድ ኩማ ብቻ ሳይሆን የእኔም ነው፤ ጭረቱን ያደረግሁት እኔ ነኝ» ብሎ ጻፈ።

አንድ መስመር ተኩል ፈጀበት። ፈረመ።