አበረ ከሞተ በኋላ የወጣው አልበም

ወርቅአየሁ የጠዋቱንም የከሰዓቱንም ፈረቃ አስተምራ፣ እግሯን እየጎተተች እንጅባራ ካለው ቤቷ ስትደርስ አንድ እንግዳ ከእናቷ ጎን ተቀምጦ አገኘች። ብሥራት ይባላል፤ ከአዲስ አበባ የመጣ የሙዚቃ አሳታሚ ነው። ጊዜው የ2010 ዓ.ም. መስከረም ማለቂያ ነበር። ዘፋኙ ወንድሟ አበረ በጉበት ሕመም ካረፈ ሁለት ዓመት አልፎታል።

የአበረ ስም ሲነሣ ይደክማታል። አስታማሚውም፣ አስቀባሪውም፣ ለቀስተኛ ሸኚውም እሷው ነበረች። እናቷ እማማ ደጊቱ ድምፁን በሰሙ ቁጥር እህል አልቀምስ ሲሏት ደግሞ ካሴቶቹን ሰብስባ ቁም ሣጥን ውስጥ ቆለፈችባቸው።

“የአበረን ዘፈኖች ሰብስበን አልበም ልናወጣ ነው” አላት ብሥራት። “አዲስ አበባ አንዳንድ ሆቴሎች ጥቅምት ላይ የፈረንጆቹን ሃሎዊን ማክበር ጀምረዋል። ወጣቱ የሙት ጭምብል አጥልቆ ይጨፍራል። አበረ ደግሞ ስለ ጅብ፣ ስለ ጨለማ፣ ስለ መቃብር የዘፈናቸው አሉ። እነሱን መርጠናል።”

“ስለ መቃብር የዘፈነው የቱ ነው?”

ብሥራት ስልኩን አውጥቶ ከፈተላት። መጀመሪያ በር ሲጢጥ ሲል ተሰማ፤ ቀጥሎ አንድ አውሬ አላዘነ፤ ከሥሩ የአበረ እንጉርጉሮ መጣ።

ደጁ ክፍት ነበረ፣ ምነው ቸኮልህ፣
ትንሽ በጠበቅኸኝ አፈር ሳይጫንህ።

“ይኼ እኮ የአባታችን ለቅሶ ነው” አለች ወርቅአየሁ። “ቀብሩ አምልጦት፣ መቃብሩ ላይ ቆሞ ያለቀሰውን ነው ኋላ ስቱዲዮ ገብቶ የቀረጸው። መጨፈሪያ አይሆንም። ከአልበሙ ሰርዙት።”

“መምህርት፣ ውሉን አበረ ራሱ ፈርሞልናል። ቤተሰቡ ሳይሰማ ማውጣቱ ስለከበደኝ ነው የመጣሁት።”

ልትሟገተው ፈለገች። ነገር ግን ቀኑን ሙሉ ልጆች ላይ ስትጮህ ውላ ደክማለች፤ ቦርሳዋን ወለሉ ላይ አስቀመጠች።

“ድገመው” አሉ እማማ ደጊቱ።

“ተይ እናቴ፣ ያምሻል።”

“አሁንስ መቼ ተሻለኝ? ድገመው ልጄ።”

ብሥራት ደገመው። በዚህ ጊዜ ወርቅአየሁ መጀመሪያ ያላስተዋለችውን ነገር ሰማች። ከእንጉርጉሮው በፊት አበረ ጉሮሮውን ጠርጎ ለመሰንቆ መቺው፣ “ቆይ፣ ቀስ በልልኝ፤ አባቴን ነው የማነጋግረው” ይላል። በድሮው ካሴት ላይ ይህ አልነበረም። ስቱዲዮ ውስጥ ወድቆ የተገኘ ቅጂ ነው።

እማማ ደጊቱ አፋቸውን በነጠላቸው ያዙ። “ያ የሚያላዝነው ምንድን ነው?” ሲሉ ጠየቁ።

“ጅብ ነው እማማ፤ ለማስፈራሪያ እኛ የጨመርነው ነው።”

“ጅብስ እንዲህ አይልም። ይሁን፣ ይጩህ። የልጄን ድምፅ አይሸፍንብኝ እንጂ።” ወደ ልጃቸው ዞሩ። “ሁለት ዓመት ዝም አሰኘሽብኝ፣ ወርቄ።”

“ላንቺ ብዬ ነው።”

“እህሉን የተውኩት እኔ ነኝ። ድምፁን መስማት ያቃተሽ ግን አንቺ ነሽ።”

ወርቅአየሁ ጫማዋን እንኳ ሳታወልቅ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጠች። በመጨረሻ ብሥራትን፣ “ንግግሩን እንዳትቆርጡት፤ ጩኸቱንም ቀንሱልን” አለችው። እሺ አለ።

አልበሙ ጥቅምት ላይ ወጣ። ንግግሩ አልተቆረጠም፤ ጩኸቱ ግን እንዳለ ነበር። አዲስ አበባ ላይ ፊታቸውን የቀቡ ልጆች እንደጨፈሩበት ሰማች። እንጅባራም ባጃጆቹ ጥቂት ቀን አስጮኹትና ወደ ሌላ ዘፈን አለፉ።

እማማ ደጊቱ ግን አልሰለቹም። እህል ውሃቸውን እየቀመሱ፣ አንዳንዴም እያለቀሱ፣ ማታ ማታ ይከፍቱታል። ወርቅአየሁ የዘፈኑ በር ሲጢጥ ሲል ስትሰማ የምታርመውን ደብተር ይዛ ወደ ጓሮ ትወጣለች። ኅዳር ላይ፣ ፈተና አርማ በመጣችበት አንድ ምሽት ግን ለመነሣት አቅም አጣች። ባለችበት ሆና ሰማችው። እንባ ይመጣል ብላ ጠበቀች፤ አልመጣም።

“ልዝጋው?” አሏት እናቷ።

“ተይው።”

እንጉርጉሮው ሳያልቅ ደብተሮቹ ላይ እንቅልፍ ጣላት። እማማ ደጊቱ ድምፁን ዝቅ አደረጉና ጋቢያቸውን አለበሷት።