እኔ ከማለቷ በፊት

«እሷንም ሊያስተምራት ሞክሮ ነበር እኮ» አለ ፀጉር አስተካካዩ፣ የሻይ ብርጭቆውን ከእህትየው እጅ እየተቀበለ። «ከእሱ ወዲያ ወንድም የለም። ግን ምን ያድርግ፣ አልገባት አለ። አፈሩ ይቅለለው።»

«አፈሩ ይቅለለው» አሉ ዙሪያውን የተቀመጡት።

እህትየው ባዶውን ትሪ ደረቷ ላይ ይዛ ቆመች። ስለ እሷ እየተወራ ቀና ብሎ ያያት አንድም ሰው የለም። ወንድሟ ከተቀበረ ወዲህ ቤቱ ሰው አልጎደለበትም፤ አዲስ ሰው በመጣ ቁጥር ይህችው ወሬ ትደገማለች፤ ደግ ወንድም፣ ደነዝ እህት። እሷ ግን በልጅነቷ አንድ ቀን እንኳ ትምህርት ቤት ደጃፍ ቆማ አታውቅም። ሊያስተምራት የሞከረ ሰው አልነበረም።

ጓዳ ገብታ ብርጭቆ ማጠብ ጀመረች። ልጇ አጠገቧ ቆማ ታደርቃለች።

«እማ፣ ለምን ዝም ትያለሽ? ውሸት ነው በያቸው።»

«ልጨርሰው ብዬ ነው።»

«ምኑን?»

«ጽሑፌን።»

ልጅቷ ሳቋ ሊያመልጣት ሲል አፏን በፎጣው ያዘች። የለቅሶ ቤት ነው።

ወንድምየው ታፔላ ጸሐፊ ነበር። በዚያ መንገድ ዳር ካሉት ሱቆች የግማሾቹ ታፔላ የእሱ እጅ ሥራ ነው። እሱ የፊደሉን ጠርዝ በእርሳስ ያወጣል፣ እሷ ውስጡን በቀለም ትሞላለች። ከጠርዝ ሳያሳልፉ በመሙላት እሷን የሚያህል አልነበረም። የዳቦ ቤቱን ሞልታለች፣ የመድኃኒት ቤቱን ሞልታለች፣ የዚህን የፀጉር አስተካካይም ሞልታለች። የሞላችውን ግን አንዱንም ማንበብ አትችልም ነበር። ወላጆቻቸው የሞቱ ጊዜ «ትንሽ እስክንቋቋም ከእኔ ጋር ሥሪ፣ ከዚያ ትማሪያለሽ» አላት። ተቋቋሙ። እሱ ሚስት አገባ፣ ቤት ሠራ። እሷ ወለደች፣ የልጇ አባት ትቷት ሄደ። ብሩሹ ግን ከእጇ አልወጣም።

ሱቃቸው ውስጥ፣ ከመቀመጫዋ በላይ፣ ግድግዳው ላይ፣ አንዲት ትንሽ ታፔላ ተሰቅላ ነበር። የእሷንም ጠርዝ እሱ አወጣ፣ ውስጧን እህትየው በቀይ ሞላችው።

«ምን ይላል?» ብላ ጠየቀችው ያኔ።

«እንኳን ደህና መጣችሁ ይላል።»

ደንበኛ ሲገባ መጀመሪያ ታፔላዋን ያያል፣ ቀጥሎ እሷን ያያል፣ ከዚያ ይስቃል። እሷም መልሳ ትስቅ ነበር። የሰው ፊት የሚፈታው በሰላምታው ይመስላት ነበር። ልጇ ሁለተኛ ክፍል ስትደርስ ሱቁ መምጣት ተወች። ምን ሆንሽ ቢሏት ራሴን አመመኝ ትላለች። ምክንያቱ ለእናትየው የገባት በጣም ቆይቶ፣ ጎልማሶች ከሥራ በኋላ የሚማሩበት ክፍል ከገባች ወዲህ ነው። አንድ ቀን ጠዋት ብሩሿን ልታለቀልቅ ብድግ ስትል ዓይኗ ግድግዳው ላይ አረፈ፤ ፊደሎቹም እንደ ሰው ተናገሯት።

«ጥያቄ ካላችሁ፣ ከእሷ በቀር ማንንም ጠይቁ።»

ወንድሟ ውጭ መሰላል ላይ ሆኖ ያፏጫል። እሷ ብሩሿን አለቀለቀች። ጥሩ ቃል ሳላገኝ አልናገረውም፣ ስናገረው ግን ከመሰላሉ ይወርዳል አለች በልቧ። ቃል ስትመርጥ እሱ ታመመ። ብዙም አልቆየ። ሲቀብሩት፣ ሰው ሁሉ ሲያለቅስ፣ በልቧ የመጣው አንድ ቃል ነበር፦ አመለጠኝ።

ዓይኗ እንደደረቀ ስለቀረ ሰዎች «ምስኪን፣ ሐዘንም አልገባት» ተባባሉ።

የጎልማሶቹ ክፍል መምህርት ከለቅሶው በፊት አጭር ልቦለድ ጻፉ ብላ አዛቸው ነበር። «የሆነውንም ያልሆነውንም ጻፉ፤ ግን ማን እንደሚናገረው ቀድማችሁ ቁረጡ። እኔ ብላችሁ ነው ወይስ እሷ፣ እሱ ብላችሁ?»

«ልዩነቱ ምንድን ነው?» አለ ከኋላ የተቀመጠው ሥጋ ሻጭ።

«እኔ ስትል ሰው ፊትህን ያያል። እሱ ስትል ታሪኩን ያያል።»

«እንግዲያው እሱ ልበል፤ ፊቴን አይቶ ሥጋ የገዛኝ የለም» አለና ክፍሉን አሳቀው።

እሷ ግን አላመነታችም። እኔ ብላ ጀመረች። ፊቴን ይዩት አለች። ዕድሜዋን ሙሉ ያሳዩዋትን ጀርባ ሁሉ በዚህ ፊት ልትከፍላቸው ነው። ለቅሶው ከመጣ ወዲህም ወረቀቱን አጥፋ በጡቷ ሸጉጣዋለች፤ ሰው ጋብ ሲል ጓዳ ገብታ አንድ ሁለት መስመር ትጨምራለች።

ፀጉር አስተካካዩ በመጣ ማግስት ጓዳ ሆና ሳለ የአጎቷን ድምፅ ሰማች። አጎቷ ሩቅ ሰፈር ነዋሪ ነው፤ የሚመጣው ለሠርግና ለለቅሶ ብቻ ነው። ማንም ሳይሾመው በሁሉ ነገር ስለሚፈርድ «ዳኛው» ይሉታል። ከሟች ሚስት ጋር በሹክሹክታ እያወራ ነው፤ የዳኛው ሹክሹክታ ግን ከሌላው ሰው ጩኸት አይተናነስም።

«ሱቁ መዘጋት የለበትም። የእህትየው ልጅ የእጅ ጽሑፏ እንደ ማተሚያ ነው አሉ። ከትምህርት ቤት ትውጣና ትያዘው።»

«እናቷ እሺ ትላለች?»

«እሷ ምን ታውቃለች? ለነገሩ አልጠይቃትም። ነገ፣ ለቅሶው በሚያበቃበት በመሰነባበቻው ዕለት፣ ሰው ሁሉ ተሰብስቦ ሳለ እናገረዋለሁ። በሟች ስም ከተባለ በኋላ ማን አፍ አውጥቶ እንቢ ይላል? ደግሞ ለዘላለም አይደለም፤ ትንሽ እስክትቋቋሙ ነው።»

እህትየው የያዘችውን ማንኪያ ቀስ ብላ አስቀመጠች። ትንሽ እስክትቋቋሙ። ያቺው ቃል፣ ያው ቤተሰብ። እሷን በልተው ጨርሰው አሁን ወደ ልጇ ዞሩ።

መጀመሪያ ጎረቤቷን ልብስ ሰፊዋን ሞከረቻት። ሳህን አብረው ሲያነሡ ጠጋ ብላ «እኔን እኮ ትምህርት ቤት አስገብቶኝ አያውቅም» አለቻት።

«ተይ እንጂ!» አለች ልብስ ሰፊዋ፣ ዓይኗን አፍጥጣ። «አፈሩ ሳይደርቅ? ሐዘኑ አዙሮብሽ ነው፤ በይ ውኃ ጠጪ።»

ውኃም ቀዳችላት። ወዲያው ደግሞ ወደ ሴቶቹ ተመልሳ ስለ አንዲት ሌላ ሰፈር ሴት ማውራት ጀመረች፤ የባሏ ወንድም አታሎ ከቤቷ አስወጥቷት አሁን በሰው ጓዳ ትኖራለች። ሴቶቹ ከንፈራቸውን መጠጡ። አንዷ እንባዋን ጠረገች። አንዷ «እኔ ብሆን እሳት ነበር የምለቅበት!» አለች። ያቺን ሴት ማናቸውም አያውቋትም። የተቆጣችዋን ግን ውኃ ጠጪ ያላት የለም።

እህትየው ቆማ አየቻቸው። ሰው እኔ ስትለው ጆሮውን ይዘጋል። ስለ ሌላ ሰው ስታወራው ግን ዘሎ ፈራጅ ይሆናል። መልካም፣ ይፍረዱ።

ግቢው ውስጥ ተገልብጦ በተቀመጠ ባልዲ ላይ ቁጭ ብላ ታሪኩን እንደ አዲስ መጻፍ ያዘች። እኔ የሚለውን ነቅሎ ልጅቷ ማለት ብቻ አይበቃም፤ የቃሉ ሁሉ ጭራ ይቀየራል፣ እጇም ገና ዘገምተኛ ነው። ብሳሳትስ? በሰው ፊት ብንተባተብስ? ግን እየጻፈች በሄደች ቁጥር እጇ እየደፈረ መጣ። በእኔ የማትለውን በእሷ ትላለች። ወንድምየውን ታፔላ ጸሐፊ ማድረግ ተወችና ልብስ ሰፊ አደረገችው። ስድቡን በጠመኔ ሽርጥ ላይ እንዲጽፍ፣ እህቱም በቀይ ክር እንድትሰፋውና ጀርባዋ ላይ አንጠልጥላው በገበያ እንድትዞር አደረገች። ደስ አላት። እንዲህ ደስ ያላት ጊዜ ትዝ አይላትም።

አንድ ነገር ብቻ እጇን ያዘው። ልጅ ሳሉ ክረምት የቤታቸው ጣራ ሲያፈስ፣ ወንድሟ የአንድ ሱቅ ትልቅ ታፔላ በሁለት እጁ ከራሷ በላይ ይዞ ቆሞላት ነበር፤ ዝናቡ እስኪያባራ። ቀለሙ ቀልጦ በክንዱ ወረደ፣ ታፔላውን እንደገና መሥራት ነበረበት። ይህንን ከቀድሞው ጽሑፍ ወደ አዲሱ ገለበጠችው። አነበበችው። ከዚያ ሰረዘችው።

ልጇ ከኋላዋ ቆማ ታያለች። «ይሄን ለምን ሰረዝሽው? የሚያምረው እሱ ነበር።»

«እሱን ከተውኩት ያዝኑለታል።»

በመሰነባበቻው ዕለት ከሰዓት በኋላ ቤቱ ሞላ። ዳኛው መሃል ተቀምጦ ጉሮሮውን መጠራረግ ጀመረ። እህትየው ሊናገር መሆኑ ገባትና ትሪዋን መሬት አስቀመጠች። ልብስ ሰፊዋ ግን ሳታውቅ ቀደመችላት።

«እስቲ ተማሪያችን አንድ ነገር አንብቢልን! ዝም ብሎ መቀመጥ ልብ ያደርቃል።»

«ፊደል ቆጥራ እስክትጨርስ ሌላ ለቅሶ ይደርሳል» አለ ፀጉር አስተካካዩ። ሳቁ፣ ለቅሶ ቤት በሚፈቀደው መጠን።

«ታንብብ፣ ታንብብ» አለ ዳኛው እጁን እያወናጨፈ። «ከእሷ በኋላ እኔም የምለው አለኝ።»

ወረቀቱን ከጡቷ አወጣች። በሁለት እጇ ዘረጋችው።

«አንዲት ልጅ ነበረች። ከወንድሟ በቀር ሰው አልነበራትም...»

ቀስ እያለች አነበበች። መጀመሪያ የሰሟት ለይሉኝታ ነበር። ወንድምየው «ትንሽ እስክንቋቋም» ብሎ ከትምህርት ሲያስቀራት ወደ እሷ ዞሩ። ደነዝ ናት ብሎ ሲያስወራባት አንዲት አሮጊት «ወይኔ» አሉ። ሽርጡ ላይ ስትደርስ ልብስ ሰፊዋ ራሷን መያዝ አልቻለችም።

«በጠመኔ? በእኛ ሙያ? እጁ ይቆረጥ!»

«ምን ብሎ ጻፈባት?» አለች የሟች ሚስት። እሷም ማንበብ አትችልም።

እህትየው ዓይኗን ከወረቀቱ አነሣችና ፀጉር አስተካካዩን አየችው። «ጥያቄ ካላችሁ፣ ከእሷ በቀር ማንንም ጠይቁ።»

ፀጉር አስተካካዩ ሻዩን ወደ አፉ እንደወሰደ ቀረ። ያችን ታፔላ አይቶ ከሳቁት ሁሉ ድምፁ የሚጎላው የእሱ ነበር። አንገቱን ደፋ። የቀሩት ምንም አላወቁም።

«ይሄን ሰው መሬት እንዴት ቻለችው?» አለች የሟች ሚስት እንባዋን እየጠረገች። «የገዛ እህቱን!»

«ወላጅ የሌላትን ልጅ!» አለ ዳኛው። ፍርድ ሲመጣበት መቀመጥ አይችልም፤ ተነሣ። «እንዲህ ያለ ሰው ሲሞት አፈሩ ይክበደው ነው የሚባለው!»

«ይክበደው!» አሉ ብዙዎች።

«አላለቀም» አለች እህትየው። «ሰውየው ሞተ። አሁን ዘመዶቹ የእሷን ልጅ ከትምህርት ቤት አውጥተው በእሱ መቀመጫ ሊያስቀምጧት ይፈልጋሉ። እናትየዋን አልጠየቋትም። መጨረሻውን አልጻፍኩትም ጋሼ። እርስዎ ቢሆኑ ምን ይፈርዱ ነበር? እሺ ትበል?»

«ምን ሆና!» ዳኛው ጠረጴዛውን መታ። «እንቢ ትበል እንጂ! እሷ አንዴ ተበላች፣ ልጇም ትበላ? ትምህርቷን ትማር! እኔ በዚያ ብኖር ማንም አይነካትም ነበር!»

«እርስዎው ፈረዱ» አለች ወረቀቱን እያጠፈች። «ሁሉም ሰምቷል። ልጅቷ እኔ ነኝ ጋሼ።»

ዳኛው ወንበሩን በእጁ ፈልጎ ተቀመጠ። ስለ ሱቁ ሊለው የነበረውን ጭራሽ አላነሣም። ፀጉር አስተካካዩ ሻዩን ሳይጨርስ ወጣ። ሌሎቹም አንድ በአንድ፣ ዓይን ለዓይን ሳይተያዩ፣ ባርኔጣቸውንና ሻሻቸውን እያነሡ ተከተሉት። ልጇ በሩ ላይ ቆማ እናቷን ታያለች፤ እያለቀሰች ይሁን እየሳቀች አይታወቅም።

ቤቱ ባዶ ሲሆን የሟች ሚስት ከተቀመጠችበት ሳትነሣ ተናገረች።

«ባሌን በገዛ ቤቱ አስረገምሽው። በእኔም አፍ ጭምር።»

«ስሙን አላነሣሁም፣ እትዬ።»

«ስሙን ሳታነሺ መሆኑ ነው የባሰው።»

«ነው» አለች እህትየው። አልካደችም።

«አንድ ደግ ነገር አላየሽበትም? አንድ?»

«አይቻለሁ።»

«ታዲያ የታለ?»

እህትየው ልብሷን ልታነሣ ወደ በሩ ዞረች። ከበሩ ኋላ፣ ከልብሷ ሥር፣ የወንድሟ የሥራ ካፖርት ተንጠልጥሏል፤ ክርኑ በደረቀ ቀለም እንደ እንጨት ገግሟል። ከላይ ያለው ቁልፍ በአንድ ክር ብቻ ተንጠልጥሎ ይወዛወዛል። ያዘችው። ልትነቅለው መስሎ ሳብ አደረገችው። ከዚያ ካፖርቱን ከሚስማሩ አውርዳ ጉልበቷ ላይ ዘርግታ ተቀመጠች።

«መርፌ አለ?» አለች፣ ቀና ሳትል።

የሟች ሚስት ከደረቷ ላይ ክር ያለባትን መርፌ ነቀለችና ፊቷን ወደ ግድግዳው እንዳዞረች እጇን ዘረጋችላት።

እህትየው ቁልፉን ሰፋችው፤ ደጋግማ፣ አጥብቃ፣ በብርድ ለሚወጣ ሰው እንደሚሰፋ። መጨረሻ ላይ ጎንበስ ብላ ክሩን በጥርሷ በጠሰች፤ ፊቷን ግን ከካፖርቱ ላይ ወዲያው አላነሣችውም።