አተላ ቀማሹ

«የኔን ጀበና አተላ እዚያ እንዳትደፊው! በእግዜር ስም እንዳትደፊው!»

ጎረቤታቸው እናትነሽ ከለቅሶው ድንኳን እየጮኸች ስትሮጥ ነጠላዋ መንገድ ላይ ቀረ። ሀዊ የአተላውን ባልዲ እንዳንጠለጠለች ጓሮው በር ላይ ቆመች። አባቷ አምባዬ ከተቀበረ ሁለተኛ ቀኑ ነው፤ እሷ ከሰመራ የደረሰችው ቀብሩ ካለቀ በኋላ ነበር።

«የሌላው ሰው ሁሉ እዚያ ይደፋ የለም እንዴ፣ እትዬ እናትነሽ?»

«የሌላው ሌላ ነው። የኔን እኔ እደፋዋለሁ።» ባልዲውን ቀምታት ወደ መንገዱ ቦይ ሄደች።

በአዋሽ ሰባት በዚያ ሰፈር የቡና አተላና የተፈላ ሻይ ቅጠል ሜዳ ላይ አይደፋም፤ ለአምባዬ ይቀመጥለታል። ከምድር ባቡር ጡረታ የወጣው ሰውዬ ባልዲውን ይዞ በየቤቱ እየዞረ ይሰበስብና ጓሮው ካለው ብስባሽ ክምር ጋር ያዋህደዋል። ለቀስተኛው ልማዱን አልተወም፤ ሲኒ በታጠበ ቁጥር አተላው ለብቻ እየተጠራቀመ ባለቤቱ ወደሌለው ክምር ይሄዳል። ሀዊ ግን ወደዚያ ክምር በተጠጋች ቁጥር ግራ ክንዷ ይቆረጥማታል።

ነገሩ ዐሥራ አንድ ዓመት ሆኖታል። ያን ዓመት የባቡር ጣቢያው ሥራ ቀዝቅዞ አምባዬ ከጣቢያው ቡና ቤት ያመጣው የነበረው አተላ አጠረው፤ ከጎረቤት መለመን ጀመረ። አርባ የሎሚ ችግኝ በዘይት ቆርቆሮ ደርድሮ እንደ ልጅ ያሳድግ ነበር። እንደ ልጅ ማለትስ ልክ አይደለም፤ ልጆቹን እንደዚያ አላሳደገም። በሦስት ሳምንት አርባውም ከጫፋቸው ተለብልበው ደረቁ። በዚያው ሰሞን የዐሥራ ሰባት ዓመቷ ሀዊ የዩኒፎርም ሸሚዟን በበረኪና አጥባ ውሃውን ጓሮ ደፍታ ነበር። ታናሽ ወንድሟ ይልቃል አይቷታል፤ ሲጠየቅም ያየውን ተናገረ። አምባዬ ሌላ ምስክር አልፈለገም። የመኮትኮቻውን ዛቢያ አንስቶ መጀመሪያ ጀርባዋን፣ ቀጥሎ ጭንቅላቷን ልትከልልበት ያነሳችውን ክንድ መታ። አጥንቱ ቀጭ ሲል ሁለቱም ሰምተዋል። ከዚያ በኋላም አራት ጊዜ ደገማት።

ወጌሻው ክንዱን አጣሞ ገጠመው። ሳይሽርላት በጭነት መኪና ተሳፍራ ሰመራ ገባች፤ እዚያው ጋራዥ ውስጥ መለዋወጫ እየሸጠች ኖረች። አባቷ አንድ ቀን እንኳ አልደወለላትም። ስሟም «ያቺ ችግኙን በበረኪና የፈጀችው» ሆኖ ቀረ።

አሁንም ድንኳኑ ውስጥ ይንሾካሾካሉ። «በምን ዐይኗ መጣች?» ትላለች አንዷ። ሀዊ የመጣችው ለማልቀስ አልነበረም። አንድ ሰው፣ አንድ ብቻ፣ «አንቺ አላደረግሽውም» እንዲላት ነበር።

በሣልስቱ ቀን ሻይ ቤት ያለው ሰዒድ አጠገቧ ተቀመጠ።

«አላህ ሰብሩን ይስጥሽ፣ ልጄ። አባትሽ ጉደኛ ሰው ነበር እኮ። የሻይ ቅጠል ስሰጠው መጀመሪያ በጣቱ ቆንጥሮ ይቀምሳል። ስኳር አማረህ ወይ ብዬ ብቀልድበት አይስቅም። ዐሥር ዓመት ሙሉ ሳይቀምስ የወሰደው የለም።»

«ምን ፈልጎ ነው የሚቀምሰው፣ ጋሽ ሰዒድ?»

«ጨው እንዳይኖርበት ይላል። ሻይ ላይ ጨው ማን ይጨምራል?»

ሀዊ እጇ ላይ ያለውን ሲኒ አየችው። የእናትነሽ ቡና ነው፤ ከሰርዶና ከሚሌ በረሃ በላብ አልቀው ለሚመጡ ሾፌሮች ስትሸጥ የኖረችው፣ ጨው ጀበናው ውስጥ የሚገባበት ቡና። ሲኒው ሥር የቀረውን አተላ ምላሷ ላይ አደረገችው። ጨው ጨው አላት። ተነስታ እናትነሽ ሲኒ ወደምታጥብበት ሄደች።

«እትዬ፣ ያን ዓመት ለአባቴ አተላ ትሰጪው ነበር?»

እናትነሽ ቀና አላለችም። «በየቀኑ፣ በባልዲ። ጨው ተክል እንደሚያደርቅ ምን አውቄ?»

«እሱስ? አወቀ?»

«አንቺ በሄድሽ በወሩ ቀምሶ ደረሰበት። መጥቶ ጀበናዬን ግድግዳ ላይ ፈጠፈጠው፤ የሚነደውን ምድጃ በእርግጫ እላዬ ላይ ገለበጠው።» ቀሚሷን ገለጥ አድርጋ የተጨማደደ እግሯን አሳየቻት። «ለልጄ ብትተነፍሺ እገድልሻለሁ አለኝ። ፈራሁት። ኋላ ደግሞ ዝም ማለቱን ለመድኩት።»

አውቋል። ዐሥራ አንድ ዓመት አውቆ ተቀምጧል! ይቅርታ ከመጠየቅ አተላ መቅመስ ቀሎታል። ሀዊ ግድግዳው ሥር የተደገፈውን መጥረቢያ አንስታ፣ አባቷ ከዚያ በኋላ ወደተከለው ብቸኛ ሎሚ ሄደች። ዛፉ ፍሬ እንዳንዠረገገ ነበር። በደህናው እጇ መታችው፤ ደገመችው፤ ልጡ ተቦጭቆ ነጩ እንጨት ወጣ፤ ሎሚው መሬቱን ሞላው።

ይልቃል እየሮጠ መጣ። «አበድሽ? አባዬ ያሳደገው ነው!»

«እኔንስ ማን አሳደገኝ?»

ጠማማውን ክንዷን ይዞ ወደ ኋላ ጠመዘዘው። ጮኸችና መጥረቢያውን አዙራ በዛቢያው አፉን መታችው፤ ደሙ ሸሚዙ ላይ ወረደ። ይልቃል አካፋ አነሳ። አካፋውን ከራሱ በላይ አድርጎ ሲቆም ቁርጥ አምባዬን መሰለ። ለቀስተኛው ጓሮውን ሞልቶ ይጮሃል እንጂ የሚጠጋ የለም።

መካከላቸው የገባችው እናትነሽ ናት።

«ጨው ነው!» ብላ ደረቷን ደቃች። «የኔ ጨው ነው የፈጀው! ልጅቷ አላደረገችም! አምባዬም አውቆት ነው የሞተው!»

አካፋው ከይልቃል እጅ ወደቀ። ለአባቱ የነገረው እሱ ነበርና የእህቱን ክንድ አየና ፊቱን አዞረ።

ሀዊ የመጣችበትን ሰማች፣ ያውም በሕዝብ ፊት። ደስ አላላትም። ለካ እንዲላት የፈለገችው አባቷ ነበር፤ እሱ ደግሞ አፈር ገብቷል። መጥረቢያውን ጥላ ዛፉ ሥር ተቀመጠችና በሦስት ቀን ውስጥ ለመጀመሪያ ጊዜ «አባዬ!» ብላ ጮኸች። እርግማን ይሁን ለቅሶ ማንም አልለየውም።

ሰዉ ወደ ድንኳኑ ሲመለስ ሰዒድ እንደ ልማዱ ያጠራቀመውን የሻይ ቅጠል በፌስታል አምጥቶ አጠገቧ አስቀመጠላት። ይልቃል አፉን በመዳፉ ይዞ ትንሽ ራቅ ብሎ ቆሟል። ሀዊ የዛፉን ቁስል ለረጅም ጊዜ አየችው። ከዚያ ፌስታሉን ፈታች፤ ከቅጠሉ በጣቷ ቆንጠር አድርጋ ቀመሰች። ጨው የለውም። በጠማማው እጇ እያፈሰች የዛፉን ሥር አለበሰችው።