ለያሆዴ የሚለቀቅ ቤት

ሆሳዕና ላይ ቤት የሚፈልግ ሰው መጀመሪያ የሚጠየቀው ስሙን ወይም ሥራውን አይደለም፤ የልጆቹን ብዛት ነው። እኔ አራት አሉኝ። «አራት» ስል አከራዮቹ በሩን ገርበብ ማድረግ ይጀምራሉ፤ አንዳንዷ ደግሞ «ጌታ ያሳድግልሽ» ብላ መርቃ ነው የምትዘጋው። ምርቃቱ ምን ያደርግልኛል? ከዝናብ አያስጥል።

አሕመዲን የሚባል ደላላ አለ፤ ክፉ ሰው አይደለም። «ቲቸር፣ ሁለት ናቸው በያቸው። የቀሩትን በኋላ ቀስ ብለሽ ታስገቢያቸዋለሽ» አለኝ። ልጆቼ የኮንትሮባንድ ዕቃ ሆነው አረፉት። ቢሆንም የቸገረው እርጉዝ ያገባል፤ ሁለት ናቸው አልኩ። አከራይዋ ወዲያው ተስማማች። ደስ ብሎኝ ልወጣ ስል ልጇ ከጓዳ ብቅ አለች፤ ለካ የእኔው ተማሪ ናት። «ቲቸር! መንትዮቹን ለምን አላመጣሻቸውም? ትልቁና ትንሿስ?» አለችኝ። ሴትዮዋ አየችኝ። እኔም ቦርሳዬን አንሥቼ ወጣሁ።

ከተማችን የክልል መቀመጫ ከሆነች ወዲህ ነገሩ እንዲህ ነው። የቢሮ ሰዎች ከየአቅጣጫው መጡ፤ ብዙዎቹ ቤተሰባቸውን ትተው፣ አንድ ሻንጣና አንድ ላፕቶፕ ይዘው። አከራይ ከዚህ በላይ ምን ይፈልጋል? ውሃ አይጨርሱ፣ ግድግዳ ላይ አይሞነጭሩ። አልፈርድባቸውም፤ እንጀራ ነው ያመጣቸው። ግን እኛስ የት እንሂድ? ባለቤቴ ቲቶ ብረት በያጅ ነው። በዱራሜ መውጫ በኩል ካሉት ትልልቅ የግቢ በሮች ብዙዎቹን የሠራው እሱ ነው፤ ደቡብ አፍሪካ ያሉ ልጆች ለቤተሰባቸው ያስገነቧቸው ቤቶች ናቸው። የብረት ዋጋ ሲንር ግንባታው ቆመ፤ የቲቶም ሥራ አብሮ ቆመ። የስንቱን በር ሲበይድ የኖረ ሰው ራሱ የሚገባበት በር አጣ።

የምንኖርበት ግቢም በዚያው በደቡብ አፍሪካ ገንዘብ የተሠራ ነው። ከፊት ቪላ፣ ከጀርባው ሦስት ክፍል ሰርቪስ አለው። በሁለቱ ክፍል እኛ ስድስታችን እንኖራለን፤ ሦስተኛው ዕቃ ቤት ነው። አከራያችን እትዬ ገነቴ ከቪላው በአንዲት ክፍል ብቻ ያድራሉ፤ ሌላው ሁሉ ተቆልፎ ልጃቸውን ሆሴዕን ይጠብቃል። ሆሴዕ በኬንያ በኩል የወጣው ገና ጢም ሳያበቅል ነው። ደቡብ አፍሪካ ሱቅ ከፈተ፤ ይህን ቤት በስልክ እያዘዘ አሠራ፤ አንድ ቀን ግን አልተኛበትም።

ነሐሴ ላይ እትዬ ገነቴ ጠሩኝ። «ሆሴዕ ለያሆዴ ይመጣል» አሉኝ። «የሐድያን ዘመን መለወጫም ሠርጉንም አንድ ላይ ነው የምናከብረው። ያን ሁሉ እንግዳ የት አስተኛለሁ ልጄ? ጳጉሜን ሳታልቅ ሰርቪሱን ልቀቁልኝ።» መሬት መሬት እያዩ፣ አፍረው ነው የተናገሩት። ክፉ ሴት ቢሆኑ ይሻለኝ ነበር፤ ቢያንስ በሆዴ እሰድባቸው ነበር።

ከዚያ ወዲያ ሥራዬ መዞር ሆነ። ከክረምት ማጠናከሪያ ትምህርት ስወጣ እዞራለሁ፤ ጭቃው ጫማዬን በላው። ቲቶ አንድ ቀን ራቱን ሳይጨርስ ቀና አለና «ልጆቹን ዶዮገና እናቴ ጋ እንውሰዳቸው። እኛ አንድ ክፍል አናጣም» አለ።

«አራቱንም?»

«ትንሿን እናስቀራታለን።»

ትንሿን እናስቀራታለን! ልጅ ነው ወይስ ገበያ ላይ የሚመረጥ ዱባ? ጮኽኩበት። እሱም ሌላ ሐሳብ የለውም፣ እኔም የለኝም። የሰው ልጅ ሳስተምር ውዬ የራሴን ልጆች በሚኒባስ ሄጄ ልጠይቅ ነው። ትንሿ እንኳ ያለ መንትዮቹ እንቅልፍ አይወስዳትም። በዚያ ሰሞን ቤተ ክርስቲያን ሴቶቹ ድምፃቸውን ከፍ አድርገው ሲጸልዩ፣ እኔ ተንበርክኬ በሆዴ «ጌታ ሆይ፣ የሆሴዕን መንገድ አዘግይልኝ» አልኩ። አዘግይልኝ ነው ያልኩት። ሌላ ነገር አልለመንኩም።

ጳጉሜን ልትገባ ስትል፣ ቅዳሜ ጠዋት፣ ቲቶ ደውሎ ወደ መንገዱ ጠራኝ። የእትዬ ገነቴ ወንድም ጋሽ ኤሊያስ አብረውት ቆመዋል፤ ዓይናቸው ቀልቷል። «ሆሴዕን ዘራፊዎች ሱቁ ውስጥ ገብተው ገደሉት» አሉኝ። ወሬው የደረሳቸው በስልክ ነው። መርዶው እንደ ወጉ በማግስቱ ጎህ ሲቀድ፣ ዘመድ ከየገጠሩ ከተሰበሰበ በኋላ ይነገራል፤ እስከዚያ እናቱ ከመንገደኛ አፍ እንዳይሰሙ አጠገባቸው የሚውል ሰው ያስፈልጋል። «ስልኳን ተቀበያት። ከግቢ እንዳትወጣ። ፊትሽ እንዳይለወጥባት አደራ» አሉኝ።

እሺ ብዬ ተመለስኩ። ከመንገዱ እስከ ግቢያችን ስሄድ መጀመሪያ የመጣልኝ ሐሳብ «እንግዲህ ቤቱን አንለቅም» የሚል ነበር። ለልጁ አንድ እንባ ሳላፈስ በፊት። ራሴን ተጸየፍኩት፤ ሐሳቡ ግን አልሄደም።

ስገባ እትዬ ገነቴ የቪላውን በሮች ሁሉ ከፍተዋቸዋል። አዲስ መጋረጃ አስፍተው ኖሮ የሚሰቅልላቸው ሰው ሲጠብቁ ነበር። ስልካቸውን «ቻርጅ ላድርግልዎ» ብዬ ወሰድኩና አጠፋሁት። ወንበር ላይ ወጥቼ ስሰቅል እሳቸው ከታች ጨርቁን እያቀበሉኝ ያወራሉ፤ ለበዓሉ ምግብ ለአተካናው የሚሆነውን ቅቤ ከማን እንዳዘዙ፣ ሆሴዕ በልጅነቱ አተካና ሲቀርብ ታላላቆቹን እየገፋ እንዴት ይሽቀዳደም እንደነበር። እኔ ፊቴን ወደ መስኮቱ አዙሬ «እህ» እላለሁ።

«ዛሬ ግን ምን ነካው? ቅዳሜ ጠዋት ሳይደውል አይቀርም ነበር» አሉ።

«ኔትወርክ ይሆናል።»

«ይሆናል። ገበያም ይዞት ይሆናል።» ከዚያ ሳቅ አሉ። «ውይ፣ ልነግርሽ የነበረውን ረሳሁት እኮ! ባለፈው የእናንተን ነገር አነሣሁለት። አራት ልጅ ይዘው በዚህ ዝናብ የት ይወድቃሉ አልኩት። ‹እማዬ፣ እንግዳው ቪላው ውስጥ ይደራረባል፤ እነሱ ከሰርቪሱ አይውጡ› አለኝ። ቲቶ የሠራውን የግቢ በር በፎቶ አይቶ ወዶታል። እንግዲህ ተቀመጡ፤ ሠርጉንም አብረን እንደግሳለን።»

እልል አልኩ። ማስመሰል አልነበረም። ወንበሩ ላይ እንደቆምኩ፣ መጋረጃው በእጄ እንዳለ፣ ፈንቅሎኝ ወጣ። ወርጄ ጉልበታቸውን ሳምኩ። ልጆቼ ዶዮገና አይሄዱም! መንትዮቹ ድምፄን ሰምተው እየሮጡ ገቡና ምን እንደሆነ ሳያውቁ ይዘሉ ጀመር። እትዬ ገነቴም አብረውን እልል አሉ። ሆሴዕ መሞቱ ትዝ ያለኝ ከዚያ በኋላ ነው።

እሁድ ጎህ ሲቀድ መጡ። ጋቢ የለበሱ ሽማግሌዎች ግቢውን ሲሞሉት እትዬ ገነቴ በሩን ከፍተው ቆሙ፤ ማንም አፉን ሳይከፍት ጮኹ። እኔም አለቀስኩ፣ ከልቤ ነው ያለቀስኩት። ቆይቶ ሬሳው በአውሮፕላን መጣና ተቀበረ። ያሆዴም በለቅሶ አለፈ።

ድንኳኑ በተነሣ ማግስት ጋሽ ኤሊያስ እኔንና ቲቶን ወደ ሳሎኑ ጠሩን። እትዬ ገነቴ ፍራሽ ላይ ወደ ግድግዳው ዞረው ተቀምጠዋል።

«እንግዲህ የሚልክላት የለም» አሉ ጋሽ ኤሊያስ። «ግቢውን ሙሉውን የሚከራይ ቢሮ አግኝተናል። እሷን እኔ ጋ እወስዳታለሁ። እናንተም ሳምንቱ ሳያልቅ ልቀቁ።»

ክፋት አልነበራቸውም፤ ለእህታቸው የምትበላውን ነው የሚፈልጉት። ቲቶ «እሺ» አለ። ያቺን እሺ አውቃታለሁ፤ ዶዮገና ማለት ናት።

«ሆሴዕ ከሰርቪሱ አይውጡ ብሏል» አልኩ።

ጋሽ ኤሊያስ ግንባራቸውን ቋጠሩ። «ለማን ነው ያለው?»

«ለእናቱ። የነገሩኝ ራሳቸው ናቸው።»

«እውነት ነው ገነቴ?»

እትዬ ገነቴ ቀስ ብለው ዞሩ። ከቀብሩ ወዲህ ለማንም መልስ ሰጥተው አያውቁም ነበር። «እውነት ነው፤ ብሏል» አሉ። ከዚያ እኔን ትክ ብለው አዩኝ። «መቼ ነው የነገርኩሽ?»

አላስታውስም ማለት እችል ነበር። «መጋረጃ የሰቀልን ዕለት» አልኩ።

«ስልኬን የወሰድሽብኝ ዕለት?»

«አዎ።»

«ያን ጊዜ ታውቂ ነበር።»

ጋሽ ኤሊያስ ተነሡ። «ገነቴ፣ እሷን አትውቀሻት። እንዳትናገር ያዘዝናት እኛ ነን፤ ወጉ ነው።»

«መደበቋን አላልኩም» አሉ። «መርዶማ ይደበቃል፤ እኔም የስንቱን ደብቄ ውያለሁ። አንጀቴ እያረረ፣ ውሃ እንኳ ሳይወርድልኝ ነው የዋልኩት። እሷ እልል አለች። እኔንም በልጄ ሬሳ ላይ እልል አስባለችኝ።»

ቲቶ ዞሮ አየኝ፤ አልነገርኩትም ነበር። ምን ልበል? የልጆቼ ነገር ነው ልበል? ለማን? ልጇ ለሞተባት እናት?

እትዬ ገነቴ «የልጄን ቃል አላፈርስም» አሉ፣ ወደ ወንድማቸው ዞረው። «ቢሮው ቪላውን ይውሰድ። እነሱ ይቀመጡ። እኔም ከልጄ ግቢ የትም አልሄድም፤ ዕቃ ቤቱን ጥረጉልኝ።» ከዚያ ለቲቶ «ኪራዩን አንተ አምጣ። እሷ እኔ ጋ አትምጣ» አሉት።

አሁን ቪላው ውስጥ ቢሮ ገብቷል። እኛ ስድስታችንም በሁለቱ ክፍል አለን፤ ማንም ዶዮገና አልሄደም። ሰዎች ዕድለኞች ናችሁ ይሉናል፤ በዚህ ጊዜ ከነአራት ልጅ ቤት ያገኘ ማን አለ ይላሉ። እትዬ ገነቴ በሦስተኛው ክፍል ናቸው፤ የሚለየን አንድ ስስ ግድግዳ ነው። ሲያለቅሱ እሰማለሁ። በአገራችን ጎረቤት ብቻውን አያለቅስም። ተነሥቼ እስከ በራቸው እሄዳለሁ፤ አላንኳኳም። መንትዮቹን አስገባና እመለሳለሁ።