ሦስት ሌሊት ያደረ ቀሪቦ

ሰው ለገዛ ወንድሙ አንዲት ቃል ይሰስታል? ይህንን ሩቅያን በፊቷም ብያታለሁ፣ ከሄደችም በኋላ ለግድግዳው ብያለሁ። ተናድጄ ነው። አሁንም ንዴቴ አልበረደልኝም።

የምንሠራው ዓረብ አገር፣ ፊንጣስ የሚባል ሰፈር፣ አንድ ቤት ነው። እኔ ውባለም ወጥ ቤት ነኝ፤ እሷ ልብስና ጽዳት ትይዛለች። ሁለታችንም የሐይቅ ልጆች ነን፤ እሷ ሙስሊም፣ እኔ ክርስቲያን፣ ክፍላችን ግን አንድ ነው። ወንድሟ ይማም ጀህራ በሚሉት ከተማ ሾፌር ነበር። መኪናው ተገልብጦ ወገቡን ከተመታ ወዲህ እዚያው ሆስፒታል ተኝቷል። በዚህ አገር ከእሷ ሌላ ዘመድ የለውም። አርብ አርብ ማዳም ትለቃታለች፣ ሄዳ ታጥበዋለች፣ ታገላብጠዋለች፣ ታጎርሰዋለች። እሷ ካልሄደች ማንም አይሄድለትም።

ልጁ ምግብ እምቢ አለ። የሆስፒታሉን ሩዝ ሲያይ ፊቱን ያዞራል። ሩቅያ ያልሞከረችው የለም። ጥቁር አዝሙድ በማር፣ ፌጦ በሎሚ፣ ዝንጅብል በነጭ ሽንኩርት፣ ሁሉንም ወጥ ቤቴን እያጠነች ይዛለት ሄደች። ወይ ፍንክች! አንድ አርብ ግን «ቀሪቦ አማረኝ» አላት።

እሰይ! ያን ለታ ስትመለስ እየሮጠች ነው የገባችው። ገብስ ጀምዒያ ከሚሉት የሰፈሩ ገበያ ገዛች፣ በእኔው መጥበሻ ጥቁር እስኪል ቆላችው፣ አፍልታ አጠለለች፣ ስኳርና እርሾ ጣል አድርጋ በፕላስቲክ ጠርሙስ ሞላችው። ሐሙስ ማታ ተጠምቆ አርብ ጠዋት ይጠጣል፤ ደንቡ አንድ ሌሊት ነው። ይማም ጠጣ። ዳቦ እየነከረችለት በላ። ከዚያ ወዲያ ሐሙስ በመጣ ቁጥር ልብስ ማጠቢያ ክፍል፣ ከሳሙናው ካርቶን ኋላ፣ የእሷ ጠርሙሶች ይደረደራሉ።

የፈሩት ይደርሳል፣ የጠሉት ይወርሳል። አንድ ሐሙስ ማታ ቀሪቦው ገና ተሞልቶ ሳለ ማዳም ድንገት ተነስታ «ሻሌህ እንሄዳለን፣ ልብስ ያዙ» አለች። ባሕር ዳር ያለው የመዝናኛ ቤታቸው ነው። እምቢ አይባል ነገር! ሩቅያ መኪናው ውስጥ እጇን ስታፋትግ መንገዱ አለቀ። ያን አርብ ይማምን ሳታየው ቀረች፤ ቀሪቦውም እሳት በሚተፋው ክፍል ውስጥ ቀረ።

እሁድ ስንመለስ በሩ ገና ሲከፈት ሽታው ተቀበለን። ሁለቱ ጠርሙሶች ፈንድተው ግድግዳው ቡናማ ሆኗል። የቀሩት እንደ ኳስ ተነፍተዋል። ማዳም አንዱን ከፈት ስታደርገው አረፋው እጅጌዋን አጥለቀለቀው። አሸተተችው፣ ፊቷም ጠቆረ።

«ኸምር! በቤቴ ውስጥ የሚያሰክር ኸምር ትጠምቃላችሁ?»

«ኧረ ማዳም፣ ገብስ ነው! ስኳር ነው!» እያልኩ ተንጫጫሁ። ሩቅያ ግን ቀስ ብላ አስረዳቻት። የእኔ ነው አለች፤ ለወንድሜ ነው፣ እኛ አገር ለዒድ የሚጠጣ ነው፣ አያሰክርም።

ማዳም ክፉ ሴት ብትሆን ይቀለኝ ነበር። ወደ ላይ ወጥታ ቁርአን ይዛ ወረደች። «ታማኝ ነሽ፣ አውቃለሁ። እጅሽን ጫኚና በዚህ ውስጥ ኸምር የለም ብለሽ ማዪልኝ። ሽንት ቤት ደፍቼው ባሌ ሳይሰማ ነገሩ እዚህ ያልቃል። ካልማልሽ ግን ከቤቴ ወጥተሽ አገርሽ ትገቢያለሽ።»

እኔ በሆዴ «ተመስገን፣ ተረፍን» አልኩ። ሩቅያ ዉዱእ አድርጋ፣ እጅና ፊቷን ታጥባ መጣች። እጇን ዘረጋች። ከዚያ መለሰችው።

«ማዳም፣ ሐሙስ ስጠምቀው ኸምር አልነበረም፣ እሱን እምላለሁ።»

«ያንን አልጠየቅኩሽም። አሁን ያለውን ነው።»

«አሁን ያለውን አላውቅም» አለች ሩቅያ። «አንድ ሌሊት ያደረ ቀሪቦ ነው። ሦስት ሌሊት በዚህ ሙቀት ያደረውን አላህ ነው የሚያውቀው።»

ደሜ ፈላ። «አንቺ ምን ነክቶሻል?» አልኳት ባማርኛ። «ማዪ! ይማም ተኝቶልሻል እኮ! አላህስ የልብሽን አያይም?»

«ሳላውቅ በቃሉ ላይ እጄን ልጫን፣ ውቤ?»

«ጫኚ! ምን አባቱ!»

አልጫነችም። እንባዋ ጉንጯ ላይ ይወርዳል፣ እጇ ግን ከጎኗ አልተነቃነቀም። ቢጨንቀኝ እኔ ፊት ለፊት ተጋረጥኩና «ማዳም፣ ውሸቷን ነው! የኔ ነው፣ እኔ ነኝ የጠመቅኩት፣ እኔን ስደጂኝ!» አልኩ። እኔን የሚጠብቅ በሽተኛ የለኝ፣ ብሄድ ምን እሆናለሁ? ማዳም ወደ ሩቅያ ዞረች። «እውነት ነው?»

«አይደለም ማዳም። የኔ ነው።»

ወይኔ! ውሸቴን እንኳ ከአፌ ነጠቀችኝ። በጥፊ ልላት እጄን አንስቼ አቅፌያት አለቀስኩ።

ማዳም ፖሊስ አልጠራችም፤ እንደ ውለታም ቆጠረችው። የአስቀጣሪ ቢሮውን ሰው ጠራችና ሩቅያን በዚያው ሳምንት፣ አርብ ሳይደርስ፣ አውሮፕላን ላይ ጫኗት። ወንድሟን ልሰናበት ብላ ብትለምንም ማን ሰምቷት። «ይማምን አደራ» አለችኝ በሩ ላይ። እኔም አኩርፌ «አደራሽን ከቁርአኑ ጋር ትተሽው አይደል የምትሄጂው!» ብዬ መለስኩላት። ምላሴን በቆረጠው!

አርብ ሲሆን ማዳም እግር ላይ ወደቅኩ። «ሂጂ ንገሪውና ተመለሺ» አለችኝ። «ከዚህ በኋላ ግን አርብ የሚባል ነገር የለም። የሁለት ሰው ሥራ ይዘሻል። ድጋሚ ብትጠይቂኝ አንቺም ትከተያታለሽ።»

ሆስፒታል ስደርስ ይማም በሩን በሩን ያያል። እኔ ከገባሁም በኋላ ከኋላዬ የምትመጣ መስሎት ይጠብቃል። ታማለች ልለው አስቤ ነበር፣ ዓይኑን ሳየው አልሆነልኝም። ሁሉንም ነገርኩት።

«አልማለችም?»

«አልማለችም።»

ሐይቅ እያሉ ቁርአን ያስቀራት እሱ ነው። አላህ ይባርካት ይላል ብዬ ጠበቅኩ። እሱ ግን አንሶላውን በጥርሱ ነክሶ እንደ ሕፃን ተንሰቀሰቀ። «ምናለ ብትምል! እኔ እዚህ ምን ልሁን ብላ ነው? አንድ ቃል እኮ ነው ውቤ፣ አንድ ቃል!»

ሳምንቱን ሙሉ ስለው የከረምኩት ይሄንኑ ነው። ከእሱ አፍ ስሰማው ግን አንገበገበኝ። «ተው እንጂ! አታውቅማ! ሳታውቅ እንዴት ትማል?» ብዬ ጮህኩበት። የሰደብኳት እኔው፣ ጠበቃዋም እኔው። ደግነቱ ጎኑ ያሉት በሽተኞች አማርኛ አይሰሙም።

ከዚያ አጠብኩት። ማገላበጡን አልቻልኩበትም፣ አሳመምኩት፤ እሱም ጥርሱን ነክሶ ቻለኝ። ሾርባ በማንኪያ ሳቀርብለት አፉን ገጠመ። ብለምነው፣ ብቆጣው፣ እምቢ አለ። የመሄጃዬ ሰዓት ደርሶ ብድግ ስል እጅጌዬን ያዘኝ።

«አንቺስ? የሚመጣው አርብ ትመጫለሽ?»

«እመጣለሁ።»

«ማዪልኝ።»

«በማርያም» አልኩት። «በማርያም፣ አርብ እመጣለሁ።»

እጅጌዬን ለቀቀኝና ለሾርባው አፉን ከፈተ።