ያልተቀለደበት ደላላ

ዲሪዬ በጅግጅጋና በቀብሪበያ መካከል የሚመላለስ ሚኒባስ ረዳት ነበር። ረዳት ሲባል ሥራው በር መክፈትና ሒሳብ መሰብሰብ ይመስላል፤ የዲሪዬ ሥራ ግን ሰው ማሳቅ ነበር። ተሳፋሪው ገና አንድ እግሩን ሲያስገባ ቅጽል ስም ይወጣለታል። አንገተ ረጅሙ ግመል፣ ጆሮው የሰፋው ዲሽ ተብሎ ይገባና እየሳቀ ይወርዳል። በዚያ አገር በዚህ የሚቀየም የለም። ከወሎ የመጣው ሾፌር ንብረት እንኳ ገና ዓመት ሳይሞላው "አፍንጫው" ተብሎ፣ እናቱ ያወጡለትን ስም የሚያስታውስ ሰው ጠፍቶ ነበር።

አንድ ቀን ጅግጅጋ ውስጥ የሠርግ አዳራሽ ያላት ኬሪያ ተሳፈረች። ቀብሪበያ እስኪደርሱ ሆዷን ይዛ ሳቀች።

"አንተ፣ ይሄን ሁሉ ወሬ መንገድ ለመንገድ ትበትነዋለህ?" አለችው ስትወርድ። "ዓርብ ከሰዓት አዳራሼ ባዶውን ነው የሚውለው። ናና ሞክር። ሰው ከወደደህ ዓርብ ዓርብ ያንተ ነው።"

ዲሪዬ ከልጅነቱ ጀምሮ የሚመኘው ይህንኑ ነበር፤ ማይክራፎን ይዞ፣ በሩ ሳይንኳኳ "ወራጅ አለ!" ሳይባል፣ የጀመረውን ቀልድ እስከ መጨረሻው መናገር።

በመጀመሪያው ዓርብ አዳራሹ ሞላ። ነጋዴው፣ አስተማሪው፣ ፈቃድ የወጣው ወታደር ሁሉ መጣ። ፊት ለፊት የተደረደሩት የቀብሪበያ የከብት ደላሎች ነበሩ። ዲሪዬ ግማሹን በአማርኛ፣ ግማሹን በሶማሊኛ እያደረገ አንድ በአንድ በቀልድ ለቀማቸው። ሰው በሳቅ ፈረሰ። ሰው ሁሉ አዴር፣ ማለትም አጎቴ፣ የሚላቸው ዋርሳሜ ዘንድ ሲደርስ ግን ቀልዱን ዋጠው።

ዋርሳሜ በአንድ ወቅት ገበያውን በድምፃቸው ብቻ የሚያነቃንቁ ደላላ ነበሩ። አምና በሽታ ጣላቸውና ሐረር ሆስፒታል ከርመው ሲመለሱ ግማሽ ፊታቸው አልታዘዝ ብሎ፣ አፋቸው ወደ አንድ ጎን ተጎትቶ ቀረ። ከዚያ ወዲህ ሰው ሁሉ የሚያናግራቸው ለቅሶ ቤት እንደገባ ሰው ቀስ ብሎ ነው። ዲሪዬም አዘነላቸው። ዘለላቸውና ከጎናቸው ወደተቀመጠው ሰው አለፈ።

ዋርሳሜ በትራቸውን አነሱና ረግጠው ወጡ።

በማግስቱ ኬሪያ አስጠራችው። "ሽማግሌ ረግጦ የወጣበት ቤት ማን ይገባል ብለህ ነው? ሄደህ ታረቅ። ካልታረቅክ ዓርብህን እርሳው፣ ወንድሜ።"

አፍ ሲያመልጥና ራስ ሲመለጥ አይታወቅም ይባላል። ዲሪዬ እስከ ቀብሪበያ መንገዱን ሙሉ የተናገረውን አንድ በአንድ ቢያበጥረው ያመለጠው ቃል አጣ። ንብረት ሳይቀር አብሮ ቢፈልግ አጣ።

ነገሩን የሚያዩት ሽማግሌዎች ከብት ገበያው ዳር፣ ግራር ሥር ተቀምጠዋል። በዚህ ገበያ ዋጋ በአፍ አይነገርም። ደላላና ገዢ እጃቸውን ፎጣ ሥር ከተው በጣት ይነጋገራሉ፤ የተስማሙ እንደሆነ አምስቱን ጣት ጭብጥ ያደርጋሉ። ዲሪዬ ሲደርስ ዋርሳሜ አንድ ግመል እንዲህ አሻሽጠው ፎጣቸውን ትከሻቸው ላይ እየመለሱ ነበር።

"ክስህን ተናገር" አሉ የሽማግሌዎቹ ዳኛ አደን፣ ወደ ዋርሳሜ ዞረው።

"ሰድቦኛል።"

ዲሪዬ ዘሎ ተነሳ። "ወላሂ፣ አዴር! እኔ ስምዎንም አልጠራሁ!"

"ክሴ እሱ ነው" አሉ ዋርሳሜ። "ሁሉንም ስትለቅማቸው ተራዬን እየጠበቅኩ ነበር። ምን ይለኝ ይሆን ብዬ ልቤ እንደ ሙሽራ ይመታል። አንተ ዘለልከኝ! የማይቀለድበት ሬሳ ብቻ ነው። ይሄ ገበያ ከታመምኩ ጀምሮ በሹክሹክታ ሲቀብረኝ ከረመ፤ አንተ ደግሞ በማይክራፎን ቀበርከኝ።"

አዘንኩ ብሎ ያደረገው ነገር ሰውየውን በሕይወት ካለ ሰው ተራ ማውጣት መሆኑ አሁን ለዲሪዬ ገባው፤ አፈረ።

"ካሳህ ምን ይሁን? በግ?" አሉ አደን።

"በግ ምን ያደርግልኛል? ዓርብ እዚያው ቦታ እቀመጣለሁ። በእኔ ይጀምር። ካላሳቀኝ ግን ማይክራፎኑን አስረክቦ ሚኒባሱ ላይ ይንጠልጠል።"

ወሬው ከቀብሪበያ ጅግጅጋ ለመድረስ መኪና አላስፈለገውም። ዓርብ ዕለት ሰው መስኮት ላይ ሳይቀር ተቀመጠ። ዋርሳሜ ፊት ለፊት፣ አገጫቸውን በትራቸው ላይ አስደግፈው ይጠብቃሉ።

"አዴር ዋርሳሜ ታመዋል የሚላችሁን ሰው እንዳታምኑ!" አለ ዲሪዬ። "ሥራ በዝቶባቸው ነው። ሻጭንም ገዢንም በአንድ አፍ ማታለል አልቻሉምና ለሁለት ከፈሉት። ይሄኛው ወገን ለሻጩ 'ግመልህ ወርቅ ናት' ይላል። ያኛው ለገዢው 'ከሲታ ናት፣ አስቀንስልሃለሁ' ይላል። አንዱ ሲዋሽ ሌላው፣ ወላሂ አልሰማሁም ብሎ ይምላል!"

የሳቀ የለም። ሁሉም ዋርሳሜን ያያል። የሽማግሌው ፊት ደግሞ፣ ግማሹ ስለማይታዘዝ፣ ይሳቅ ይቆጣ አይለይም። ዲሪዬ የሚኒባሱ በር እጁ ላይ የመጣ መሰለው።

ዋርሳሜ ፎጣቸውን ከትከሻቸው አወረዱ። ቀኝ እጃቸው ላይ ጣል አደረጉና ዘረጉለት። ዲሪዬ ከመድረኩ ወርዶ እጁን ፎጣው ሥር ሰደደ፤ ሽማግሌው አምስቱንም ጣቶቹን ጭብጥ አደረጉ። ትከሻቸው ተንቀጠቀጠ፣ ከዚያ ያ ከአምና ወዲህ ያልተሰማው ድምፅ በሳቅ ፈነዳ። የቀብሪበያ ደላሎች ተከተሏቸው፣ አዳራሹ ተከተለ። ኬሪያ በር ላይ ቆማ በሻርፗ ጫፍ እንባዋን ትጠርጋለች።

"ስንት ላይ ተስማማችሁ?" ብሎ አንዱ ከኋላ ጮኸ።

"ዓርብ ዓርብ!" አለ ዲሪዬ፤ እንደገና ሳቁ።

ንብረት አዲስ ረዳት ቀጠረ። ዲሪዬም በሚቀጥለው የገበያ ቀን እንደ ማንኛውም ተሳፋሪ ከፍሎ ቀብሪበያ ወረደ። ከግመሎቹ መሃል አንድ ነጋዴ እጁን አፉ ላይ አድርጎ "ባለሁለት አፉ!" ብሎ ሲጣራ ሰማ።

"አቤት!" አሉ ዋርሳሜ፤ ገበያው ዳር ድረስ ተሰማ።