የሜላት መርዶ

ንፍሮው እንደሄደ ተመለሰ። ወርቅነሽ ሳህኑን ከጎረቤቷ ከውዱ እጅ ተቀብላ አንድ ፍሬ እንኳ እንዳልጎደለ አየች። ዛሬ የልጇ የስሜነሽ ሣልስት ነው። የልጅ ልጇ ሜላትም እህል ካልቀመሰች እንዲሁ ሦስተኛ ቀኗ።

«ወተትስ?»

«አፏን አልከፍት አለች፣ እማማ።»

ዝናቡ የድንኳኑን ሸራ ይደበድባል፤ የእንጅባራ ብርድ ከመሬት እየተነሳ ጉልበት ይፈለቅቃል። ለቀስተኛው አንገቱን ደፍቶ ይንሾካሾካል። ወርቅነሽ ግን ጆሮዋ ያለው ከአጥሩ ወዲያ፣ ውዱ ቤት ነው። ሜላትን እዚያ ያስቀመጠቻት ለቅሶውን እንዳትሰማ ብላ ነው። ሃያ አራት ዓመት ሞልቷታል፤ አእምሮዋ ግን ከዕድሜዋ ጋር አላደገም። ብትሰማ ምን ይውጣታል? ብትወድቅስ? ጭራሹን ብታብድስ? ስለዚህ «እናትሽ ከዳንግላ ገበያ ወደ ጫግኒ አልፋለች፣ አጎትሽ ዘንድ» አለቻት። የሰማ ሁሉ ደግ አደረግሽ አላት። «ታድላ፣ እሷማ ምን ታውቃለች» ያለችም አለች።

ስሜነሽ ብትሰማ ይህችን ሴት ከድንኳኑ ባስወጣቻት። እሷ ከሜላት የምትደብቀው ነገር አልነበራትም። ላሟ ስትሸጥ ገዢውን አሳይታታለች። አባቷ ሲሞት መቃብሩ ድረስ ወስዳ በእጇ አፈር እንድታለብሰው አድርጋለች። ወርቅነሽ ልጅቷን ትገድያታለሽ እያለች በዚህ ስትጣላት ኖራለች።

መጋቢት ላይ ትዕግስት የምትባል ወጣት ከዩኒቨርሲቲ ስትመጣም የተጣሉት በዚሁ ነው። ትዕግስት የምታጠናው እንደ ሜላት የአእምሮ እድገት ውስንነት ያለባቸው ሰዎች እንደማንም ሰው ጭንቀትና ድባቴ ይዟቸው ሳይታወቅላቸው እንደሚቀር ነበር። ሜላትን፣ ሲከፋሽ ምን ይሻልሻል ብላ ጠየቀቻት። ወርቅነሽ ቀደም ብላ፣ እሷ መከፋት አታውቅም፣ ስትስቅ ነው የምትውለው አለች። ልጅቷን ሆስፒታል ወስደው እንዳያስቀሩባት ፈርታ ነው። ስሜነሽ እጇን ያዝ አደረገቻት።

«እማዬ፣ የተጠየቀችው እሷ ናት።»

ጠበቁ። ብዙ ጠበቁ። በመጨረሻ ሜላት፣ «እማዬ ምን እንደሆነ ትነግረኛለች» አለች።

ያቺው ትዕግስት ዛሬ ለሁለተኛው ዙር ጥያቄ መጥታ ድንኳን ጠበቃት። ወረቀቷን ከነጠላዋ ሥር ሸሽጋ ከለቀስተኛው ጋር ተቀመጠች። ወርቅነሽ ጠቅሳ ወደ ጥግ ወሰደቻት፤ የልጅቱን አለመብላት፣ ዝም ማለቷን ነገረቻትና ይኼ የዚያው የአእምሮዋ ጣጣ አይደለም ወይ፣ ኪኒንስ አይገኝለትም ወይ ብላ ጠየቀች። ትዕግስት ልያት ብቻ አለች።

ሜላት ውዱ ጓዳ፣ መደብ ላይ፣ ፊቷን ወደ መስኮቱ አዙራ ተቀምጣለች። ትዕግስት አጠገቧ ቁጭ ብላ ምን እንደሆነች ጠየቀቻት። ወርቅነሽ ልትመልስላት አፏን ከፈተች። አሁን ግን እጇን የሚይዝ የለም። ራሷው ዘጋችው።

«አጎቴ ከጫግኒ መጥቷል» አለች ሜላት። «በመስኮት አየሁት። ብቻውን ነው።»

ወርቅነሽ ለልጇ ለአድማሴ፣ ለሜላት አጎት፣ የእህቱ መርዶ እንዴት እንደተነገረው አስታወሰች። ሦስት ሽማግሌዎች በሚኒባስ ጫግኒ ድረስ ወርደው፣ ንጋትን ጠብቀው ነው በሩን ያንኳኩለት። ከአጥር ወዲያ ላለችው ልጅ ግን ማንም በሯን አላንኳኳም።

በዚያው ምሽት ሦስቱን ሽማግሌዎች አስጠራች። ከሁሉም የሚበልጡት አቶ እንየው የሰሙትን አላመኑም።

«ለሜላት?»

«የእናቷ መርዶ ነው፣ አቶ እንየው። እንደ ሰው ይነገራት።»

ጎህ ሲቀድ ውዱ ቤት ገቡ። አቶ እንየው እንደ ወጉ ከሩቅ ጀመሩ፤ የሰው ልጅ እንግዳ ነው፣ ሁላችንም የአፈር ነን እያሉ ዞሩ። ሜላት አንድ በአንድ አየቻቸው። ወርቅነሽ አላስቻላትም፤ የልጅቱን ፊት በሁለት እጇ ያዘች።

«እናትሽ ሞታለች፣ ልጄ። ቅዳሜ ዳንግላ ላይ ጋሪ ተገልብጦባት። ከእንግዲህ አትመጣም።»



«ቀበራችኋት?»

«እሁድ ቀበርናት።»

«ያለ እኔ?»

 ከዚያ ጮኸች። ወርቅነሽ የፈራችው ጩኸት ይኸው ነበር፤ መንደሩን ሁሉ ቀሰቀሰ። ሜላት ግን አልወደቀችም፤ አላበደችም። እንደ ማንኛዋም እናቷ እንደሞተችባት ልጅ አለቀሰች።

ረፋዱ ላይ ወርቅነሽ ሜላትን ይዛ ድንኳኑ ገባች። እስከ ትናንት የተቀመጠችበትን፣ የቅርብ ሐዘንተኛውን ቦታ፣ ለሜላት ለቀቀች። እሷ ከጎኗ ዝቅ ብላ ተቀመጠች፤ ቦታው ቀዘቀዛት። ከጥሊሊ የመጣ ገበሬ ባርኔጣውን አውልቆ ገባና እንደለመደው ወደ አሮጊቷ ጎንበስ አለ።

«እግዜር ያጥናዎት፣ እማማ።»

ወርቅነሽ ጉልበቷን ሰብስባ፣ ክንዱን በቀስታ ይዛ፣ ወደ ሜላት አዞረችው።